ስፔሰር መኪናን ከፍ ያደርጋል እንጂ ሞላን አያጠነክርም

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በኦክላንድ ቴሌግራፍ ጎዳናም ሆነ በሳን ሆዜ በሚገኙት የኢትዮጵያ ምግብ ቤቶች የመኪና ወሬ አይጠፋም። በተለይ ከፊት ከፍ ተደርጎ፣ ትልቅ ጎማ ገብቶለት፣ ከኋላ ግን ዝቅ ብሎ የቀረ ፎር ራነር ወይም ላንድ ክሩዘር ደጅ ላይ ከቆመ፣ «ከኋላ ሞላ ላይ ስፔሰር ክተትበት፣ በትንሽ ገንዘብ ይነሣልሃል» የሚል መካሪ ወዲያው ይገኛል። ምክሩ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን ጎደሎ ነው፤ ጎደሎነቱም የሰው ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል።

ስፔሰር ማለት ከጠንካራ ላስቲክ፣ ከፖሊዩሬቴን ወይም ከአሉሚኒየም የተሠራ ክብ ቁራጭ ነው። በሞላው ጫፍና በሻንሲው መቀመጫ መካከል ይገባል። የኋላ ሞላው በቀጥታ አክስሉ ላይ በሚቀመጥባቸው መኪኖች አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ስፔሰር የመኪናውን ጀርባ በግምት አንድ ኢንች ከፍ ያደርገዋል። የተሰጠው ሥራ ይኸው ብቻ ነው።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከአገር ቤት ልማድ ነው። በኢትዮጵያ ብዙ ጭነት የሚሸከም መኪና «ባሌስትራ ይጨመርለት» ይባላል። አንድ ቅጠል ባሌስትራ ሲጨመር የመኪናው ጀርባ በእርግጥም ይጠነክራል። በገጠር መንገድ የሚታወቀው የላንድ ክሩዘር 70 ዓይነት እስከ ዛሬ ከኋላ የሚሄደው በባሌስትራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ለገበያ የቀረበው ላንድ ክሩዘር 80 ግን ከፊትም ከኋላም ሞላ ነበረው፤ ፎር ራነርም ከሁለተኛው ትውልዱ ጀምሮ ከኋላ ወደ ሞላ ተዛውሯል። በሞላ ላይ ስፔሰር መጨመር ባሌስትራ እንደ መጨመር አይደለም። በአምስት ሰውና በሻንጣ ሁለት ኢንች የሚወርድ ሞላ፣ ስፔሰር ከገባለት በኋላም ያንኑ ሁለት ኢንች ይወርዳል። በሾፌሩ በር መቃን ላይ የተለጠፈው የጭነት ልክም በዚህ ምክንያት አይለወጥም።

እንግዲያው ስፔሰር የሚጠቅመው መቼ ነው? ሞላው ጤነኛ ሆኖ የፊትና የኋላው ከፍታ ሳይመጣጠን ሲቀር ነው። ሞላው አርጅቶ ከደከመ ወይም ከተሰነጠቀ መድኃኒቱ አዲስ ሞላ ነው። ዘወትር የሥራ ዕቃ ለሚጭን ሰውም የሚሻለው ለዚያው ክብደት የተሠራ ጠንካራ ሞላ ነው።

ስፔሰር ከመግባቱ በፊት ሊታዩ የሚገባቸው ነገሮች አሉ። አንደኛው አሞርዛተሩ ነው። ቀድሞ ከፍ በተደረገ መኪና ላይ እንደገና ሲነሣ አሞርዛተሩ ተዘርግቶ ሊያልቅና መኪናው ጉድጓድ ሲገባ ጎማው ወደ ታች የሚወርድበትን ቦታ ሊያጣ ይችላል። ሁለተኛው ከሻንሲው ወደ አክስሉ የሚወርደው የፍሬን ዘይት ቱቦ ነው፤ አክስሉ እስከ መጨረሻ ሲንጠለጠል መወጠር የለበትም። ሦስተኛው አክስሉን ወደ ጎን እንዳይሄድ የሚይዘው፣ ፓናርድ የሚባለው አግድም ዘንግ ነው። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር ይህ ዘንግ አክስሉን በጥቂቱ ወደ አንድ ወገን ይስበዋል። አራተኛው አክስሉ ወደ ላይ ሲመታ የሚቀበለው የላስቲክ ማቆሚያ ነው። ስፔሰር ሲገባ ሞላው ከማቆሚያው ቀድሞ ተጨምቆ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ማቆሚያውም በዚያው ልክ መርዘም ይኖርበታል።

ብዙዎች የማያውቁት አምስተኛ ነገርም አለ። አንዳንድ ቶዮታዎች በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ያለውን ርቀት እየለካ የኋላውን ፍሬን ግፊት የሚመጥን ቫልቭ አላቸው። መኪናው ከፍ ሲል ቫልቩ «ባዶ ነው» ብሎ የኋላውን ፍሬን ያላላዋል። በ880 አውራ ጎዳና ላይ ከፊት ያለው መኪና ድንገት ሲቆም ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ስለዚህ ቫልቩ ከአዲሱ ከፍታ ጋር መስተካከል አለበት።

ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም፤ አደጋው ግን ከመኪናው ሥር ነው። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ ማቆሚያ አይደለም። ያዘነበለ የአፓርታማ ግቢም ለዚህ ሥራ አይሆንም። በደልዳላ ኮንክሪት ላይ የፊት ጎማዎቹ በታኮ ይታገዳሉ፤ መኪናው ተነሥቶ ሻንሲው በሁለት ጠንካራ የብረት መቆሚያዎች ላይ ያርፋል። አክስሉ ለብቻው በክሪክ ተደግፎ የአሞርዛተሮቹ የታችኛው ብሎን ይፈታል፤ እንዳስፈላጊነቱም ፓናርዱና ሌሎች ማያያዣዎች ይለያያሉ። ከዚያ ቱቦውን እያዩ አክስሉን ቀስ ብሎ ማውረድ ነው። ሞላው ሲላላ ይወጣል፣ ስፔሰሩ ከላይ ከጎሚኒው ጋር ይቀመጣል፣ የሞላው ጫፍም በመቀመጫው ውስጥ በትክክል ይገጠማል። ጎሚኒ ያላቸው ብሎኖች በመጨረሻ የሚጠብቁት መኪናው በጎማው ቆሞ ክብደቱን ከያዘ በኋላ ነው። ከጥቂት ቀን ጉዞ በኋላም ሁሉም እንደገና ይፈተሻል፤ የፊት መብራቱም አቅጣጫ ይስተካከላል። የፊት ሞላ ግን ሌላ ነገር ነው። በብዙ መኪኖች ከአሞርዛተሩ ጋር ተጨምቆ የታሰረ ስለሆነ ያለ ልዩ መሣሪያ የፈታው ሰው ሊሞት ይችላል።

ሕጉም አለ። የካሊፎርኒያ የተሽከርካሪ ሕግ አንቀጽ 24008.5 የሻንሲውን ከፍታ ይወስናል። ለመንገደኛ መኪና ከመሬት 23 ኢንች ሲሆን፣ ለሌሎቹ እንደ ክብደታቸው 27፣ 30 ወይም 31 ኢንች ነው። ከፍታ ሲጨምር የመገልበጥ አደጋም ይጨምራል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት መሥሪያ ቤት ከ2001 ሞዴል ጀምሮ ለመገልበጥ አደጋ ደረጃ ሲሰጥ፣ ዋናው መለኪያው የጎማዎቹ ስፋት ከክብደቱ ማዕከል ከፍታ ጋር ያለው ንጽጽር ነው። ከሳን ሆዜ በስተደቡብ በሆሊስተር ሂልስ ዳገት ላይ ያማረ ከፍታ፣ ልጆች ተጭነው ከአውራ ጎዳና መውጫ ላይ ሲጠማዘዝ ዕዳ ሊሆን ይችላል።

ለጋራዥ የሚሰጥ ሰውም መብቱን ይወቅ። በካሊፎርኒያ ሕግ ጋራዡ ከሥራው በፊት የዋጋ ግምቱን በጽሑፍ መስጠትና የባለ መኪናውን ፈቃድ ማግኘት አለበት። ባለ መኪናው አስቀድሞ ከጠየቀ፣ የተለወጡት አሮጌ ዕቃዎች ሊመለሱለት ይገባል። የወዳጅ ጋራዥ ቢሆንም ወረቀት መጠየቅ አያሳፍርም።

አበው «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። ከጎማው እምብርት እስከ መከላከያው ጠርዝ አራቱንም ማዕዘን በሜትር መለካት ምንም አያስከፍልም። ከመለኪያው በኋላ መልሱ ስፔሰር ከሆነ ስፔሰር፣ አዲስ ሞላ ከሆነ አዲስ ሞላ ይገዛል። ከዚያ መኪና ውስጥ ቤተሰብ እንደሚቀመጥ መርሳት ግን አይገባም።