ከእንጦጦ ግርጌ እስከ ቢሾፍቱ፦ የጀማሪ ዓሣ አጥማጅ ፊዚክስ

አንድ ቅዳሜ ጧት ከሦስት ተማሪዎቼ ጋር በየካ በኩል ወደ እንጦጦ ስንወጣ አንደኛው የቀርከሃ ዘንግ ይዞ መጣ። በዘንጉ ጫፍ የናይለን ክር፣ በክሩ ጫፍ መንጠቆ ታስሯል። «መምህር፣ ስንመለስ ቀበና ላይ ልሞክረው ነው፤ የያዝኩትን እናቴ ትጠብሰዋለች» አለኝ። ሐሳቡ ደስ አሰኘኝ፤ የመረጠው ውኃ ግን አሳሰበኝ።

እንጦጦ የሁለት ተፋሰሶች ድንበር ነው። በሰሜን ገጹ የወረደው ዝናብ በሙገር በኩል ዓባይን ተቀላቅሎ ወደ ሜድትራንያን ያመራል፤ በደቡብ ገጹ የወረደው በቀበናና በአቃቂ አድርጎ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ላይ ይቀራል። ቀበና ከጋራው ሲነሣ ጥሩ ውኃ ነው፤ ከተማውን ሲያቋርጥ ግን የቤትና የፋብሪካ ፍሳሽ ይሸከማል። ፍሳሹን የሚያብላሉ ባክቴሪያዎች በውኃው የሟሟውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል። «ዓሣ ከተገኘበት ውኃው ደኅና ነው» የሚለው አባባልም አያስተማምንም፤ አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ አየር በቀጥታ የሚስብበት አካል ስላለው ሌሎች ዓሦች በሚታፈኑበት ውኃ ሊኖር ይችላል። በዚህ ዓይነት ውኃ የተያዘ ዓሣ ለምጣድ አይሆንም። ለገዳዲም ቅርብ ነው፤ ነገር ግን የከተማው የመጠጥ ውኃ ግድብ ነውና የልምምድ ቦታ አይደለም። ስለዚህ ለየካ ልጅ የሚሻለው ቆሮሶ የሚገኝባቸው የቢሾፍቱ ሐይቆች ናቸው።

እኔ ማጥመድ የጀመርኩት ለዶክትሬት ትምህርት አሜሪካ በነበርኩበት ጊዜ ነው። በዚያ የጀማሪው ሁሉ ምኞት ባስ የተባለው አፈ ሰፊ ዓሣ ነው። ትንንሽ ዓሦችንና እንቁራሪቶችን አሳዶ የሚውጥ በመሆኑ ሰው ሠራሽ ማባበያ ሲጣልለት እውነተኛ መስሎት ይነክሳል። የእኛ ቆሮሶ ጠባዩ ሌላ ነው። ዋነኛ ምግቡ ጥቃቅን አልጌ ስለሆነ አብረቅራቂ ብረት እምብዛም አያማልለውም፤ በትንሽ መንጠቆ ላይ የተሰካ የመሬት ትል ወይም የሊጥ እንክብል ይሻለዋል። ከመንጠቆው በላይ ትንሽ ክብደት፣ ከዚያም ከፍ ብሎ የቡሽ ተንሳፋፊ ይታሰራል። ቡሹ ሊሰምጥ ትንሽ እስኪቀረው ድረስ ክብደቱ ይስተካከል፤ ያን ጊዜ ቀላሏ ንክሻ ትታያለች። አርኪሜድስን ለፈተና ብቻ የሸመደደ ተማሪ እዚህ ላይ ይገባዋል።

እኔ ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ባዶ እጄን ተመለስኩ። የብርሃን ስብረትን የማስተምር ሰው፣ ዓሣው እኔን እንዴት እንደሚያየኝ አንድ ጊዜ እንኳ አላሰላሁም ነበር። የውኃ የስብረት መጠን 1.33 ያህል ነው። ሽቅብ ለሚመለከት ዓሣ ከውኃው በላይ ያለው ዓለም በሙሉ 97 ዲግሪ ገደማ በሆነ ክብ መስኮት ውስጥ ተጨምቆ ይታየዋል፤ ከዚያ ውጪ የውኃው ገጽ መስታወት ይሆንበታል። አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ላለ ዓሣ መስኮቱ ከዳር እስከ ዳር 2.3 ሜትር ያህል ነው። ከውኃው ገጽ ከ10 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን የሚመጣ ብርሃን ጉልህ ክፍሉ ተንጸባርቆ ይመለሳል፤ የቀረውም በመስኮቱ ጠርዝ ላይ ይጨፈለቃል። ስሌቱን ራሳችሁ ሞክሩት፦ ቁመቱ 1.7 ሜትር የሆነ ሰው ቆሞ ለመሰወር 10 ሜትር ያህል መራቅ አለበት፤ ተቀምጦ የራሱ ከፍታ 90 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 5 ሜትር ይበቃዋል። ማውራት ብዙም አይከለከልም፤ ከአየር ወደ ውኃ የሚሻገረው የድምፅ ኃይል ከሺህ አንዱ ያህል ብቻ ነውና። መሬቱን በእግር መርገጥ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ንዝረቱ በአፈሩ በኩል ወደ ውኃው ይገባል፣ ዓሣውም በጎኑ ባለው የስሜት መስመር ይለየዋል።

ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ የአየር ግፊቱ በጠለሉ ካለው 80 በመቶ ያህል ነው። በ20 ዲግሪ ሴልሽየስ በአንድ ሊትር ውኃ 9 ሚሊ ግራም ሊሟሟ ይችል የነበረው ኦክሲጅን በዚያ ወደ 7 ዝቅ ይላል። ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ቀዝቃዛ ሌሊቶች የላዩ ውኃ እፍግታው ጨምሮ ይሰምጣል፤ ኦክሲጅን ያጣው የታችኛው ውኃም ሽቅብ ይቀላቀላል። ዓሦች በጅምላ ሞተው የሚንሳፈፉበት ጊዜ አለ። እነዚያን ለቅሞ ወደ ቤት መውሰድ አይገባም።

አቋራጭ የሚፈልጉም አሉ። የብርብራ ፍሬ ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን ዓሦችን እንደሚያደነዝዝ አባቶቻችን ያውቁ ነበር፤ ፍሬው የያዘው ሮቴኖን ሕዋሳት በኦክሲጅን እንዳይጠቀሙ ያግዳል። መርዙ ግን ትልቁን ከጫጩቱ አይለይም። የቆሮሶ እናት እንቁላሏንና ጫጩቶቿን በአፏ ይዛ የምታሳድግ ናትና አንዲት ስትሞት የሚጠፋው ብዙ ነው። ስለ ዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለ፤ ከመጀመራችሁ በፊት ፈቃድ የሚያስፈልግ መሆኑን የአካባቢውን ግብርና ጽሕፈት ቤት ጠይቁ።

ተማሪዬ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሾፍቱ ሄደ። ከዳር 5 ሜትር ርቆ ተቀምጦ፣ እስከ ቀትር ሦስት ጊዜ ቡሹ ሰመጠለት፤ ሁለቱ አመለጡ፣ ሦስተኛው መዳፍ የምታህል ቆሮሶ ነበረች። እጁን በውኃ አርሶ መንጠቆውን ነቀለና መለሳት። ለእናቱ የወሰደው ከገበያ የገዛውን ነው።