ጎንደር በአንድ ቀን፦ ከፋሲል ግቢ እስከ ፒያሳ

ፍሎረንስ ላይ ላረፈ ሰው አሮጌ ከተማ ማየት ቀላል ነገር ነው። ጠዋት ባቡር ተሳፍሮ ሲዬናን ወይም ሉካን ሲዞር ይውልና ማታ ተመልሶ ይተኛል። ጎንደርም እንዲህ ደርሰው የሚመለሱባት ከተማ ናት። ባቡር ባይኖራትም፣ ከባሕር ዳር በንጋት የተነሳ ሚኒባስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ረፋዱ ላይ ያደርሳል። ከፍሎረንስ ጋር የሚያገናኛት ግን ሌላ ነገር አለ። የጣሊያን ዘመኗን ጎንደር ፕላን የነደፈው አርክቴክት ጌራርዶ ቦዚዮ የዚያች ከተማ ሰው ነበር።

መንገዱ ራሱ ቸል የሚባል አይደለም። እንፍራንዝ አጠገብ፣ ጉዛራ ላይ፣ የአፄ ሠርጸ ድንግል ግንብ አለ፤ ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት በ16ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው። ከአዲስ ዘመን ወዲህ ደግሞ ቁልቋል በር ይታለፋል። ባለፉት ዓመታት በክልሉ በቆየው ግጭት ምክንያት መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ስለኖረ፣ መናኸሪያ ከመውረድ በፊት ሁኔታውን ጠይቆ መነሳት ያስፈልጋል። በአውሮፕላን የሚመጣም አዘዞ፣ አፄ ቴዎድሮስ አየር ማረፊያ ያርፋል።

ጠዋቱ ለነገሥታቱ ግቢ መሰጠት አለበት። አፄ ፋሲል ጎንደርን መናገሻ ያደረጓት በ1628 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በፊት ቤተ መንግሥት ማለት በአብዛኛው ድንኳን ነበርና ነጋሢው ሲነሳ ከተማውም አብሮ ይነሳ ነበር። ፋሲል ግንብ ሠሩ፤ ልጃቸው ዮሐንስ፣ የልጅ ልጃቸው ኢያሱ፣ ከዚያም ዳዊት፣ በካፋና እቴጌ ምንትዋብ በየፊናቸው ጨመሩበት። ዙሪያውን 900 ሜትር ያህል የሚሄድ ቅጥር ይከበዋል። ቅጥሩ አሥራ ሁለት በር አለው፦ ጃን ተከል በር፣ እምቢልታ በር፣ ባልደራስ በር፣ እርግብ በር፣ ተዝካሮ በር እያለ ይቀጥላል። በየትኛው በር ማን ይገባ እንደነበር አስጎብኚውን መጠየቅ ይገባል፤ የቤተ መንግሥቱ ሥርዓት የሚገባን በዚያ ነው።

የፋሲል ግንብ ቁመቱ 32 ሜትር ገደማ ሲሆን አራት ማዕዘኑ ላይ እንቁላል የመሰለ ጉልላት ያላቸው ማማዎች ቆመዋል። ለፎቶግራፍ ራቅ ማለት ጥሩ ነው፤ እኔ የምመክረው ግን ግድግዳው ሥር ተጠግቶ መቆምን ነው። ድንጋዩ ጠቆር ያለ፣ መጠኑ የተለያየ ጥርብ ነው። የበሩና የመስኮቱ ቅስት ላይ ሲደርስ ወደ ቀይ የሚያደላ ለስላሳ ድንጋይ ይተካዋል። በመካከል ያለው ማያያዣ ኖራ ነው። በጣሊያን ዘመን እድሳት ሲደረግ ሲሚንቶ ገብቶበት ነበር፤ በኋላ በተደረገው ጥገና እሱ እየተነሳ በኖራ ተተካ። ግቢው እ.ኤ.አ. በ1979 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የአፄ ኢያሱ ግንብ ግን ጣራውን ካጣ ቆይቷል፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የመሬት መንቀጥቀጥ አናጋው፣ ጣሊያንን ለማስወጣት በተደረገው ውጊያ ደግሞ የእንግሊዝ ቦምብ ጎዳው።

ከግቢው ሲወጡ ጃን ተከል ዋርካ አለ፤ አዋጅ የሚነገርበት፣ ፍርድ የሚሰጥበት አደባባይ ነበር። እዚህ ላይ ብዙ ጎብኚ ባጃጅ ይዞ ወደ አፄ ፋሲል ጥምቀተ ባሕር ይሄዳል። በጣሊያን ዘመን የተነደፈውን የከተማዋን መሀል፣ ፒያሳን፣ እንደ መተላለፊያ ብቻ ማየቱ ያሳዝነኛል፤ የጎንደርን ግማሽ ታሪክ ሳያይ ነውና የሚመለሰው።

የጣሊያን ጦር ጎንደር የገባው በመጋቢት 1928 ዓ.ም. ነው። ፋሺስቶቹ ከተማዋን የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ብለው ሰየሟት። ቦዚዮም አዲሱን ከተማ ከቤተ መንግሥቱ ጎን ነደፈ፤ ፖስታ ቤት፣ ሲኒማ፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ የሹማምንት መኖሪያ። ሕንፃዎቹን ዛሬም መለየት አያስቸግርም። ማዕዘናቸው ክብ ነው፣ መስኮታቸው በአግድም መስመር ይሄዳል፣ ጌጥ አልበዛባቸውም፣ ቀለማቸው ወደ ቢጫ ይወስዳል። ፖስታ ቤቱ ፊት ቆሞ ወደ ታች፣ ወደ ግቢው አቅጣጫ መመልከት የአሳቢዎቹን ልብ ያሳያል። ጎንደርን የመረጡት ለአየሯ ብቻ አልነበረም፤ የነገሥታቱን ክብር ለራሳቸው ሊያደርጉት ፈልገው ነው። ፕላኑ የነጩንና ያገሬውን ሰው ሰፈር ለይቶ የሚያስቀምጥ የዘር ፕላን መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። ሕንፃው አምሮ መታየቱ ያንን አይሽረውም።

ያም ሆኖ ጣሊያኖቹ ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላቸውም። በአርማጭሆ አርበኞቹ እነ አሞራው ውብነህ ዕረፍት ነሷቸው። አፄ ኃይለ ሥላሴ አዲስ አበባ ከገቡ በኋላ ጎንደር ለሰባት ወር ያህል በጠላት እጅ ቆየች፤ የቁልቋል በር ምሽግ ከተሰበረ በኋላ የጣሊያኑ አዛዥ ጄኔራል ናዚ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ። በምሥራቅ አፍሪካ የመጨረሻው ትልቁ የጣሊያን ምሽግ የወደቀው እዚህ ነው። ዛሬ በዚያው ፒያሳ ጎንደሬው ማኪያቶውን ይዞ በረንዳ ላይ ይጫወታል፤ ምሳም እዚያው አካባቢ ይገኛል።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ለማዳረስ መሮጥ ጥሩ አይደለም። ጥምቀት ካልሆነ በቀር ደብረ ብርሃን ሥላሴን አስቀድማለሁ። አፄ ኢያሱ የተከሉት ደብር ነው። በ1880 ዓ.ም. ደርቡሾች የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥሉ እሱ ተረፈ፤ ያገሩ ሰው ንቦች ወጥተው አባረሯቸው ይላል። የቅጥሩ አሥራ ሁለት ማማዎች የሐዋርያቱ ምሳሌ ናቸው። ውስጥ ሲገቡ ቀና ማለት ነው፦ ጣራው ክንፍ ባላቸው የመላእክት ፊቶች ተሞልቷል፣ ዓይኖቻቸው ሁሉ ክፍት ናቸው። ጊዜ ከተረፈ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ መውረድ ይቻላል። የዋርካዎቹ ሥሮች የግንቡን ድንጋይ ጨምድደው ወርደዋል፤ ለጥምቀት ገንዳው የሚሞላው ከቀሃ ወንዝ በሚመጣ ውሃ ነው።

ለመመለስ ሳይመሽ መናኸሪያ መድረስ ይበጃል። ማደር የሚችል ግን በማግሥቱ ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን አልፎ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ላይ ደባርቅ ይደርሳል። ከደባርቅ ወዲያ መሬቱ ድንገት ይቆረጥና ጣሊያኖች ገደሉን ቆርጠው ያወጡት የሊማሊሞ መንገድ እየተጠማዘዘ ይወርዳል። አፋፉ ላይ የጣሊያኖች የወልከፊት ምሽግ ነበር፤ ከጎንደር ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በመስከረም 1934 ዓ.ም. ተለቀቀ።