የእርግዝና ስኳር በሽታ በደባርቅና ዳባት አካባቢ

የእርግዝና ስኳር በሽታ ከእርግዝና በፊት ስኳር ያልነበረባት ሴት ፅንስ ከያዘች በኋላ የደሟ ስኳር ከፍ ሲል የሚታወቅ የጤና ችግር ነው። መነሻው ከእንግዴ ልጅ የሚመነጩ ሆርሞኖች የኢንሱሊንን ሥራ ማዳከማቸው ነው። ብዙውን ጊዜ ምልክት የለውም። በጎንደር ከተማ የመንግሥት ጤና ተቋማት ክትትል በሚያደርጉ ከ1,000 በላይ ነፍሰ ጡሮች ላይ የተካሄደ ጥናት 12.8 በመቶ በሚሆኑት ላይ ተገኝቷል።

ደባርቅና ዳባት ከጎንደር ወደ ሰሜን ተራሮች በሚወስደው መንገድ ላይ ይገኛሉ። ከደጋው የገጠር ቀበሌዎች ሐኪም ዘንድ መመላለስ ከባድ በመሆኑ የየዕለቱ ቁጥጥር በአብዛኛው በእናቲቱና በቤተሰቧ እጅ ነው።

ምርመራ

ምርመራው ከ24ኛው እስከ 28ኛው ሳምንት ባለው ጊዜ 75 ግራም ግሉኮስ በማጠጣት ይደረጋል። በባዶ ሆድ 92፣ ከ1 ሰዓት በኋላ 180 ወይም ከ2 ሰዓት በኋላ 153 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትርና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታው አለ ይባላል። የሽንት ምርመራ ብቻውን አይበቃም።

አመጋገብ

ገብስ፣ እንጀራና ድንች ሁሉም ወደ ስኳር ይለወጣሉ፤ ስለዚህ ወሳኙ መጠናቸው ነው። እንጀራውን ቀንሶ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላና ጎመን መጨመር፣ ምግቡንም በቀን ሦስት ጊዜና በመካከሉ ጥቂት ቆሎ አድርጎ መከፋፈል ይረዳል። ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለስላሳ መጠጥና በስኳር የጣፈጠ አጥሚት የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ ያደርጋሉ። ጠላና አረቄ በእርግዝና ወቅት አይመከሩም። ኢንሱሊን የምትወስድ እናት ከጾመች ስኳሯ በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ስለሚችል አስቀድማ ከጤና ባለሙያና ከንስሐ አባቷ ጋር መመካከር ይኖርባታል።

ልኬትና ኢንሱሊን

በቤት መለኪያ ላላት እናት የተለመደው ግብ ከቁርስ በፊት ከ95 በታች፣ ከተበላ ከ1 ሰዓት በኋላ ከ140 በታች፣ ከ2 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከ120 በታች ነው። በጣት ላይ የቀረ ጣፋጭ ነገር ውጤቱን ስለሚያዛባ እጅን በለብታ ውኃ ታጥቦ ማድረቅ ያስፈልጋል።

አመጋገብና እንቅስቃሴ ካልበቁ ሐኪም ኢንሱሊን ሊያዝ ይችላል። ኢንሱሊን ከፀሐይና ከምድጃ ሙቀት መራቅ አለበት። በደጋ ብርድ የቀዘቀዘና በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ቢቀልጥም አገልግሎት አይሰጥም። ውኃ መቅዳትና ዳገት መውጣት ስኳርን ስለሚቀንሱ ለመንገድ ስኳር መያዝ ይገባል። መንቀጥቀጥ፣ ላብና ድንገተኛ ረሃብ ሲሰማ ወይም ልኬቱ ከ70 በታች ሲሆን ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደገና መለካት ይመከራል። ራሷን ለሳተች እናት ግን በአፍ ምንም አይሰጥም፤ በፍጥነት ወደ ጤና ተቋም ትወሰዳለች።

ወሊድና ከዚያ በኋላ

የእናት ስኳር ወደ ፅንሱ ስለሚያልፍ ሕፃኑ ገዝፎ ምጡን ሊያከብድ ይችላል። ሕፃኑ ራሱ ብዙ ኢንሱሊን ስለሚያመነጭ እትብቱ ሲቆረጥ የደሙ ስኳር ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ በጤና ተቋም መውለድና በመጀመሪያው 1 ሰዓት ውስጥ ጡት ማጥባት ተገቢ ነው፤ ቅቤ ማላስ ጡትን አይተካም። ቤቷ ሩቅ የሆነ እናት ቀኗ ሲቃረብ የእናቶች ማቆያ ባለበት ጤና ተቋም መቆየት ትችላለች።

በሽታው ከወሊድ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ይጠፋል፤ ሆኖም ወደፊት ዓይነት 2 የስኳር በሽታ የመያዝ ዕድልን ይጨምራል። በመሆኑም ከወሊድ በኋላ ከ6 እስከ 12 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ከዚያም በየ1 እስከ 3 ዓመቱ መመርመር ይመከራል። ልጅን ለማስከተብ ጤና ጣቢያ የምትመጣ እናት በዚያው ጉዞ ስለ ራሷም ምርመራ ልትጠይቅ ትችላለች።