የሐበሻ ጥድና የሙጃ ውርጭ

«ጥድ ብርድ አይፈራም» ሲባል እሰማለሁ። ትልቁ ዛፍ አይፈራም፤ የላስታ ደጋ አገሩ ነው። ለቤትና ለአጥር ሲቆረጥ ኖሮ ዛሬ በአብዛኛው የቀረው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው፤ የይምርሐነ ክርስቶስን የጥድ ደን ያየ ያውቀዋል። የዓመት ችግኝ ግን ሌላ ነው። በደጋዋ የሙጃ ከተማ አካባቢ ኅዳርና ታኅሣሥ ሰማዩ ጠርቶ ሲያድር ቀዝቃዛው አየር እንደ ውኃ ወደ ጎድጓዳው ይወርዳል፤ እዚያ የተተከለው በውርጭ ይመታል። ስለዚህ ተዳፋቱን ምረጡ። ቁጥቋጦውንም አትመንጥሩ፤ ለችግኙ ከለላው ነው።

ዘሩ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ድካም የሚባክነው እዚህ ነው። የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ ለየብቻ ዛፍ ነው። ፍሬ የምትለቅሙት ከሴቴዋ፣ ያውም ወደ ጥቁር ሰማያዊ ሲለወጥ ነው። እንጨት የመሰለ ደረቅ ፍሬ ካገኛችሁ የፈረንጅ ጥድ ነው፣ ተዉት። ፍሬውን ዘፍዝፋችሁ ሥጋውን አሽታችሁ አውጡ። የሚንሳፈፈው ዘር አብዛኛው ባዶ ስለሆነ ይደፋ። የሰመጠውም ሁሉ አይበቅልም፤ በዛ አድርጋችሁ ዝሩ። አበቃቀሉ አዝጋሚ ነው፤ ተስፋ ቆርጣችሁ መደቡን ቶሎ አትገልብጡት።

ችግኙ ከጣቢያ ከመውጣቱ በፊት ጥላውን ቀስ በቀስ አንሱለት፣ ውኃውንም ቀንሱለት። ሳይጠነክር የወጣ ችግኝ ክረምቱን ለምልሞ በመጀመሪያው ውርጭ ሲደርቅ ማየት ያንገበግበኛል። ከተተከለ በኋላ ደግሞ ከብት እንዳይገባበት አጥሩት።