ያገለገለን እንስሳ ሲያረጅ

«የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም» የሚለው ተረት ሲነገር ሁላችንም እንስቃለን፤ ስለ አህያይቱ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። ውሃውን፥ እንጨቱን፥ እህሉንና አሸዋውን ስትሸከምልን ኖራ ጉልበቷ ሲደክምና እግሯ ሲያነክስ፥ አንዳንዱ ባለቤት ቀለብ እንዳታጠፋበት ከከተማ ዳር ነድቶ ይለቃታል። በሌሊት የሚሆነውን ጅብ ያውቀዋል። ያረጀ የጋሪ ፈረስም በየመንገዱ ዳር አንገቱን ደፍቶ ቆሞ ማየት ለማናችንም እንግዳ ነገር አይደለም።

አገራችን በአህያ ብዛት ከዓለም ቀዳሚውን ስፍራ ይዛ ትቈጠራለች። በ2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የተከፈተው የአህያ ቄራ በሕዝብ ተቃውሞ በዚያው ዓመት መዘጋቱም ይታወሳል። እንግዲህ አህያን አልበላም ያለ ሕዝብ፥ አህያን ለጅብ ለማብላት እንዴት ይጨክናል?

አስቀድሞ ማወቅ የሚገባው፥ አህያ ሕመሟን የምትደብቅ እንስሳ መሆኗን ነው። ፈረስ ሆዱን ሲቈርጠው ይንከባለላል፤ አህያ ግን ብዙ ጊዜ ዝም ብላ ትቆማለች። ባለቤቷ «ደኅና ናት» ሲል ሕመሙ ጸንቶ ይገኛል። ስለዚህ መኖ ስትቀንስ፥ ከጓደኞቿ ስትለይ፥ ክብደቷን ከእግር ወደ እግር ስታዘዋውር፥ አዘውትራም ስትተኛ መጠርጠር ይገባል።

እርጅና ሁሉ ግን ለሞት የሚያበቃ አይደለም። የመንጋጋ ጥርስ ስለት ሲያወጣ ጉንጭን ያቈስላል፤ እንስሳውም ያኘከውን ሣር ሳይውጠው ይተፋዋል። ሐኪም ጥርሱን ቢሞርደውና በውሃ የራሰ ፉርሽካ ቢሰጠው ሥጋው ሊመለስ ይችላል። ኮቴውም በየሁለት ወሩ ያህል ካልተከረከመ አረማመዱን ያበላሻል። ለመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ አለ፤ ሆኖም የአህያ ሰውነት ፌኒልቡታዞን የተባለውን መድኃኒት ከፈረስ ይልቅ ፈጥኖ ስለሚያስወግደው፥ መጠኑንና ሰዓቱን ሐኪም ሊወስን ይገባል። ከሁሉ በፊት ግን ሸክሙ ይውረድለት!

ይህ ሁሉ ተደርጎ እንስሳው መነሣት ካቃተው፥ መኖ ከተወ፥ ሕመሙም በመድኃኒት ካልበረደ ምን ይደረግ? ብዙ ሰው «ነፍስ ማጥፋት ኃጢአት ነው» ብሎ ይሸሻል። ፈሪሃ እግዚአብሔሩን እናከብራለን። ነገር ግን እጅን ሰብስቦ በሕይወት ሳለ ለጅብ መተው ከኃጢአት ነጻ ያወጣልን? የእንስሳት ሐኪም በመርፌ፥ ወይም በትክክል በተነጣጠረ ጥይት፥ ብዙ ሳያሠቃይ ሊያሳርፈው ይችላል። የኖረበት ግቢ ውስጥ፥ የሚያውቀው ሰው አጠገቡ ቆሞ ቢሆን ፍርሃቱ ይቀንሳል።

እዚህ ላይ ሁለት ነገር አይዘንጋ። አንደኛ፥ ፔንቶባርቢታል በተባለው መድኃኒት የሞተ እንስሳ ሥጋ የሚበላውን ውሻ፥ ጅብና አሞራ ስለሚመርዝ በጥልቅ ጕድጓድ መቀበር አለበት። ሁለተኛ፥ አህዮች ጓደኛ ይይዛሉ። ጓደኛዋ የሞተባት አህያ ሬሳውን አሽትታ በፈቃዷ እስክትለየው ድረስ ትቆይ። በሐዘን መኖ ከተወች የሰውነቷ ስብ ወደ ደሟ እየገባ ለሞት ሊያደርሳት ይችላልና።

ኤልሳቤጥ ስቬንድሰን የተባሉት ወይዘሮ በ1969 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ያቋቋሙት የአህዮች መጠለያ ድርጅት በአገራችንም ሠርቷል። ይሁን እንጂ ባዕድ እስኪያዝንልን መጠበቅ የለብንም። የባለ አህያው ድህነት እውነት ነው፤ ለዕለት ጉርሱ የሚሯሯጥን ሰው መውቀስም ቀላል ነው። ስለዚህ የቀበሌውና የወረዳው የእንስሳት ጤና ጣቢያ ያረጁትን በነጻ ቢያይና ቢያሳርፍ፥ ባለቤቱም ከጨለማ ሥራ ይድናል እንላለን። ለደከመው እንስሳ የሚራራ ልብ፥ ለደከመው ሰው አይጨክንም።