ድንበር የሚሻገር በሽታና የመንገደኛው ድርሻ

በመተማ ዮሐንስና በሱዳኗ ጋላባት መካከል ያለውን ድንበር ብዙ ዓይነት መንገደኛ ይሻገረዋል። ነጋዴው፣ ሾፌሩ፣ ከሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ወዲህም የሱዳንን ጦርነት የሸሸው ስደተኛ በዚሁ በር አልፈዋል። ከብቱም፣ በጉም፣ ፍየሉም እንዲሁ። ከእነርሱ ጋር በዓይን የማይታይ ሌላ መንገደኛ ሊያልፍ ይችላል፤ እርሱም የእንስሳት በሽታ ነው።

ነገሩ ለአገራችን አዲስ አይደለም። በ1880 ዓ.ም. ገደማ ከባሕር ማዶ በምጽዋ በኩል በገቡ ከብቶች የመጣው የደስታ በሽታ የገበሬውን በሬ ፈጀ። የሚያርስ በሬ በመጥፋቱ መሬቱ ጾሙን አደረ፤ ድርቅና አንበጣም ተጨመሩበት። ያ ዘመን እስከ ዛሬ «ክፉ ቀን» ይባላል። ይሁን እንጂ በሽታው በብዙ ዓመት የክትባትና የክትትል ሥራ ተሸነፈ፤ ኢትዮጵያ በ2000 ዓ.ም.፣ ዓለም በሙሉ በ2003 ዓ.ም. ከደስታ በሽታ ነጻ መሆናቸው ታወጀ።

ዛሬ የሚያሰጉን አፍተግር፣ የከብት ሳንባ በሽታና ደስታ መሰል የተባለው የበግና የፍየል በሽታ ናቸው። አፍተግር ትልቁን በሬ ብዙ ጊዜ አይገድለውም። ነገር ግን አፉ ስለሚቆስል አይበላም፤ እግሩ ስለሚቆስል ቀንበር አይጎትትም። ይህ በእርሻ ወቅት ቢደርስ የአንድ ቤተሰብ የዓመት እንጀራ ሄደ ማለት ነው። የአፍተግር ተሕዋስ በጫማ ጭቃ፣ በልብስና በመኪና ጎማ ላይ ተጣብቆ ይጓዛል፤ ከብቱም ምልክቱ ሳይታይበት በፊት ለሌላው ሊያስተላልፍ ይችላል።

ታዲያ መንገደኛ ምን ያድርግ?

1. ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ያልለፋ ቆዳ ድንበር አያሻግር።
2. ከበረት ወይም ከከብት ገበያ ሲወጣ ጫማውን ከጭቃና ከእበት አጽድቶ በሳሙና ይጠብ፤ ልብሱንም ይለውጥ።
3. ከብት የጫነ መኪና እበቱ ተጠርጎ ሳይታጠብ ሌላ ከብት አይጫንበት።
4. ከብት የሚነዳ በጫካ መንገድ አይሹለክ፤ በሕጋዊው በር አልፎ በእንስሳት ሐኪም ያስመርምር።
5. አዲስ የተገዛ ከብት ለሦስት ሳምንት ያህል ከመንጋው ተለይቶ ይቆይ።
6. ለሃጩ የሚዝረበረብ ወይም የሚያነክስ ከብት ያየ ለቀበሌው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ፈጥኖ ይንገር።

የታመመውን ከብት ደብቆ ወደ ገበያ መንዳት ከኪሳራ የሚያድን ይመስላል። ሆኖም የራስን ጉዳት በጎረቤት ትከሻ ላይ መጣል ነው።

እኛም ከዚህ ውጭ አይደለንም። ለርዳታ ሥራ ከመንደር ወደ መንደር የምንዘዋወር ሁሉ መጀመሪያ የራሳችንን ጫማና ጎማ እንጠብ። ለመርዳት የሄድንበትን በረት በሽታ አስገብተንበት እንዳንመለስ።