ጠበቃዋ ለምክር ቤት ብትወዳደርስ?

ባለፈው ቅዳሜ ጀሞ አንድ ካፌ ቁጭ ብለን ማኪያቶ እየጠጣን፣ ጠበቃ የሆነች ጓደኛዬ ድንገት «ለከተማው ምክር ቤት ብወዳደር ምን ትላለህ?» አለችኝ። ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም። እናቷ ቀድመው መልሰውላታል፦ «ፖለቲካና ኮረንቲን በሩቁ!»

በእናቷ አልፈርድም። የአዲስ አበባ ሰው ሕግ ተምሮ ፖለቲካ ስለገባ ሰው ሲነሳ ቶሎ ትዝ የሚሉት ብርቱካን ሚደቅሳ ናቸው። ዳኛ ሆነው አቶ ስዬ አብርሃ በዋስ እንዲለቀቁ የወሰኑ፣ በኋላ ጠበቃ፣ ከዚያም የቅንጅት አመራር። በግንቦት 1997 ምርጫ ቅንጅት ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ምክር ቤቱን ግን ሳይረከብ ቀረ፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ ከተማዋም በባለአደራ አስተዳደር ስትመራ ቆየች። ብርቱካን በ1999 በይቅርታ ወጡ፣ በ2001 እንደገና ታሰሩ፣ በ2003 ተፈቱ። ከስደት ተመልሰው የምርጫ ቦርድ ሰብሳቢ የሆኑት በ2011 ነው። እናቶች ግን የሚያስታውሱት እስሩን ነው።

ሌላም መንገድ አለ። ከንቲባ አዳነች አቤቤም የሕግ ሰው ናቸው። በ2012 ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ነበሩ፤ በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ወደ ከተማ አስተዳደሩ መጡ። ልብ ብላችሁ ከሆነ ያኔ የሚባሉት «ምክትል ከንቲባ» ነበር፤ ሥራው ግን የከንቲባ ነው። ለምን? ቻርተሩ ከንቲባ የሚመረጠው ከምክር ቤቱ አባላት መካከል ነው ስለሚል። በ2010 ተሻሽሎ ምክትሉ ከውጭ መምጣት እንዲችል ተደረገ፤ ታከለ ኡማም የገቡት በዚሁ በር ነው። ለአዳነች «ምክትል» የምትለዋ ቃል የተነሳችው ከሰኔ 2013ቱ ምርጫ በኋላ፣ መስከረም 2014 ምክር ቤቱ ከንቲባ አድርጎ ሲመርጣቸው ነው። የከተማዋ የመጀመሪያዋ ሴት ከንቲባም ሆኑ።

ጓደኛዬን ግን ከንቲባነት አይደለም ያማራት። ነገሩ የጀመራት በ2015 የጣሪያና ግድግዳ ግብር ሲጨምር ነው። ጎረቤቱ፣ ዘመዱ፣ ሁሉም ወረቀቱን ይዞ «እስቲ እዪልኝ» ይላት ነበር። የግብሩ መሠረት ያኔ አዋጅ ቁጥር 80/1968 ነበር፤ የደርግ ዘመን አዋጅ፣ ከሁለታችንም ይበልጣል። እናት ፓርቲ ጉዳዩን ፍርድ ቤት ወስዶት ነበር። እኔ ኢኮኖሚክስ ስለተማርኩ ያከራከርኳት በመጠኑ ነው፤ ከተማ ያለ ግብር መንገድ አይሠራም አልኳት።

«መጠኑ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው» አለችኝ። «እኔ የምጠይቀው ማን ወሰነው ነው። ሲወሰንስ የእኔ ተመራጭ ምን አለ?»

ሒሳቡን አብረን ሠራን። ብትወዳደር ደንበኞቿ ይሸሻሉ፤ ቢሮ ኪራይ ግን አይጠብቅም። ብታሸንፍ እንኳ ከ138 አንዷ ናት፤ ያውም ባለፈው ምርጫ ብልጽግና ጠቅልሎ በወሰደው ምክር ቤት። ወጪው የእሷ ብቻ ነው፤ ጥቅሙ ግን ከሳሪስ እስከ ለቡ ላለ ሰው ሁሉ ይከፋፈላል። እኛ ትምህርት ቤት ይህን የነፃ ተሳፋሪ ችግር እንለዋለን። ታክሲ ውስጥ ሁሉም «ሌላው ይከፍላል» ብሎ ዝም ካለ ታክሲው አይሄድም።

በሒሳብ ብቻ ከሆነ መልሴ «ይቅርብሽ» ነበር። ልናገር ስል ግን አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦

«ንፋስ ስልክ ላፍቶ ነው የምትኖረው አይደል? ከዚህ ክፍለ ከተማ ተመርጦ ምክር ቤት የገባ የአንድ ሰው ስም ንገረኝ።»

ዝም አልኩ። የማንቼስተርን አሰላለፍ ከነተቀያሪው እነግራችኋለሁ። ስለ ቤታችን ግብር፣ ስለ መንገዳችን፣ ስለ ኮንዶሚኒየማችን እጁን አውጥቶ የሚወስነውን ሰው ግን አላውቀውም። እሱም እኔን አያውቀኝም፤ ስለማላውቀው ደግሞ አይፈራኝም።

እናቷ ኮረንቲ ያሉት ልክ ነው። ግን ኮረንቲን ሁላችንም ከሸሸነው ቆጣሪውን የሚያነበው ማን ሊሆን ነው?

እስካሁን አልወሰነችም። ከወሰነች የምርጫ ካርዴን ይዤ እሰለፋለሁ ብያታለሁ። እናንተ ደግሞ ስልካችሁን ሳትነኩ የተመራጫችሁን ስም ለመጥራት ሞክሩ።